የተቃናው ፈገግታ

ሶልሂ የምትሄድበት ቀን እሮብ ነበር። በእኛ ቤት እሮብ የማስረከቢያ ቀን ነው፤ የሳምንቱ ምዕራፍ እስከ ማታ አንባቢ እጅ ካልገባ ሰማይ ተደፋ ማለት ነው። ስለዚህ እሮብ ዕለት ማንም አይታመምም፣ ማንም አይጣላም፣ ማንም አያለቅስም። ልጅቷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምን ሆንሽ ብላት፣ "ስክሪኑ ነው እትዬ" አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ በልቤ።

እኔ ኤሱክ እባላለሁ፣ ቀለም ቀቢ ነኝ። በልጅነቴ ፋብሪካ ውስጥ ተደርድረን ለባሕር ማዶ ካርቱን በላስቲክ ላይ ቀለም እንቀባ ነበር፤ አሁን ደግሞ እዚሁ ቡቾን ከተማ በስልክ ለሚነበብ የሥዕል ልቦለድ በታብሌት እቀባለሁ። ቤታችን ሦስት ሰው ነው። ጉ ዶዩል ታሪኩን ይፈጥራል፣ ንድፉንም ይነድፋል፤ ልጄ ሊሆን ምንም ባይቀረውም "መምህር" እንለዋለን። ፒዮ ሶልሂ ንድፉን ታጠራለች። እኔ ቀለሙን እሞላለሁ።

ማጥራት ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዶዩል ሲነድፍ እጁ ይሮጣል፤ አንዲት ጉንጭ ለማውጣት አምስት ስድስት ቦታ ይሞነጫጭራል። ሶልሂ በዚያ ላይ ባዶ ገጽ ትደርብና ከጭረቱ ሁሉ መካከል አንዷን ትመርጣለች፤ አንድ ንጹሕ መስመር። ቬክተር የሚሉት መስመር ነው። ነጥብ በነጥብ የታሰረ ነው፣ ነጥቧን ይዘው ሲጎትቷት መስመሩ እንደ ክር ይከተላል፣ የፈለጉትን ያህል ቢያሳድጉት አይደበዝዝም። የሶልሂ መስመር ከጸጉር እስከ ጫማ ውፍረቱ አይዛነፍም፤ ጫፍና ጫፉም ይገጥማል። ካልገጠመማ የእኔ ቀለም በቀዳዳው ሾልኮ ገጹን ያጥለቀልቀዋል። እሷ ከመጣች ወዲህ ቀለሜ ፈስሶብኝ አያውቅም።

ግድግዳችን ላይ የናሪ መለኪያ ገጽ ተለጥፏል። ናሪ የልቦለዳችን ጀግና ናት፣ በተራራ መንደሮች ፖስታ የምታደርስ ልጅ። ፊት ለፊት ስትታይ፣ በጎን ስትታይ፣ ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ንድፉ ከዚያ ገጽ ዝንፍ ካለ ሶልሂ ታቃናዋለች።

"ናሪ ዛሬም ነገም ያቺው ናሪ መሆን አለባት" ትላለች። "አንባቢ አንዴ 'ማናት ይቺ ደግሞ' ካለ አለቀልን እትዬ።"

እንግዲህ ወደ ፍቅሩ ልምጣ። ሶልሂ ዶዩልን ትወደዋለች። ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ ራሱ ዶዩል ብቻ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በየሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ፓስ ታስቀምጥለታለች፤ ያ ለደከመ ጡንቻ የሚለጠፈውን፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራውን። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

"መምህር እጃቸውን እያመማቸው ነው መሰለኝ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ናሪ ስትስቅ የአፏ አንዱ ጥግ ወደ ላይ ይሸሽባቸዋል። ሁልጊዜ ያው ጥግ። እኔ ዝም ብዬ አቃናዋለሁ።"

ዝም ብላ በማቃናቷ ደግ አደረገች። የአለቃን ስህተት አፍ አውጥቶ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በጎን ታስተካክላለህ፣ ለጤናው የሚሆን ነገር ጠረጴዛው ላይ ታኖራለህ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ደግሞ የሚደርሰኝ የጠራው መስመር ብቻ ስለሆነ ንድፉን አይቼው አላውቅም። የማየው የዶዩልን ፊት ነው። ፓሱን ሲያገኝ ያገላብጠዋል፣ የተጻፈበትን ያነባል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይጨልማል። እንዲያውም አንድ ቀን ለግድግዳው "ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ።

በዚህ መሀል እናቱ አሉ። ወይዘሮ ቻ። ሴኡል ውስጥ ሕንፃ ያከራያሉ፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ሊጠይቁን መጥተው ሶልሂን፣ "አባትሽ ምን ይሠራል?" አሏት።

"ቡሳን ወደብ ገበያ ውስጥ ኦሙክ ይሸጣል" አለች። ኦሙክ ያው ከተፈጨ ዓሣ የሚሠራው ነው።

"ጥሩ ነው። ሰው መብላት አለበት" አሉ ወይዘሮ ቻ፣ ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም። እኔ ብሆን ሳህን እሰብር ነበር። ሶልሂ ሲወጡ ቀድማ በሩ ጋ ሄዳ ለመጫማት እንዲመቻቸው ጫማቸውን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችላቸው።

ያን እሮብ ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወጥተን አየር ስንወስድ ነገሩን አፈረጥኩት። ዶዩል በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ሴኡል ሆቴል ውስጥ የመተያያ ቀጠሮ ነበረው፤ እናቱ የመረጡለትን ሴት ሊያይ። የጥርስ ሐኪም ናት አሉ። ሶልሂ ደግሞ ማታ በባቡር ወደ ቡሳን ልትገባ ነው፤ እዚያ ሌላ የሥዕል ድርጅት ውስጥ ሥራ ተቀብላለች።

"ለምንድነው ዛሬ?" አልኳት። "ሌላ ቀን ባቡር የለም?"

"እትዬ፣ የእኔ ሥራ መስመር ማጥራት ነው። የሌላ ሴት ባል በሚሆን ሰው ንድፍ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ላጥራ? እጁን በመስመሩ አውቀዋለሁ። ሲደሰት አውቃለሁ፣ ሳይተኛ ሲያድር አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የሠርጉን ዕለት ቁጭ ብዬ የናሪን ጸጉር ልስል?"

"እንግዲያው ንገሪው።"

"ምን ብዬ? 'የኦሙክ ሻጭ ልጅ ነኝ፣ ልጅዎን ይስጡኝ' ልበላቸው?"

"እናቱን ማን አነሳ? እሱን ነው ያልኩሽ።"

አንገቷን ደፋች። "እሱ እኔን አያየኝም። የሚያየው ናሪን ነው" አለች። አንጀቴን በላችው።

ቀትር አለፈ፣ የምዕራፉ የመጨረሻ ሥዕል ግን ከዶዩል ክፍል አልወጣም። ወትሮ ቀድሞ የሚልክ ሰው ነው። በኋላ ሶልሂ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ናሪ ከተራራው ጫፍ ቆማ ትስቃለች፣ ፊቷ ገጹን በሙሉ ሞልቶታል። ሶልሂ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ተነፈሰች፣ ባዶ ገጿን ደረበች። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ በነፋስ የተበተነውን ጸጉር አወጣች። አፉ ጋ ስትደርስ ምግቡ መጣ።

ሰው ቤት ለቅቆ ሲሄድ ጃጃንግምዮን መብላት ደንባችን ነው፤ ስለዚህ አዝዤ ነበር። ዶዩል ከክፍሉ ወጥቶ ተቀመጠ። ለቀጠሮው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ በጥቁር ወጥ የተለወሰ ፓስታ ፊት ነጭ ሸሚዝ። ሶስታችንም አቀርቅረን እናማስላለን። እሱ እሷን አያይም፣ እሷ እሱን አታይም። ይህ ሲከብደኝ ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

"መምህር፣ ጥርስዎን ታጥበው ይሂዱ እሺ? ሴትየዋ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ጥቁር ነገር ካየች በሰበሰ ብላ ትነቅለዋለች።"

ሶልሂ ሳቀች። ይህች ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፣ ሁልጊዜ። ያን ሰዓት ግን በአንድ እጇ ሳህኑን፣ በሌላው መብያውን ይዛለች፤ መክደኛ አጥታ ሳቋ እንዳለ ወጣ። ልክ በዚያች ቅጽበት ዶዩል ቀና ብሎ አያት፣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ባሌ እንኳ ሲያጨኝ አላየሁበትም።

"አንቺ ልጅ" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። "እስቲ ድገሚው።"

ወይዘሮ ቻ ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ስለገቡ አልሰማናቸውም። የፒር ፍሬ ካርቶን ታቅፈዋል፣ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሆቴሉ ሊሄዱ ነው የመጡት። ሶልሂ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጎንበስ አለች።

"ምኑን ልድገም እናቴ?"

"ሳቁን።"

በትእዛዝ የሚስቅ ማን አለ? ሶልሂ ቆማ ቀረች። ወይዘሮ ቻ ካርቶኑን አስቀመጡና ወደ ስክሪኑ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፣ ተመልሰው ወደ ስክሪኑ አዩ። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እውነት ነው፤ ሲገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁት።

"ያቺ አንቺ ነሽ" አሉ።

"አይደለም እናቴ፣ ናሪ ናት። እሱ የአፏ ጥግ ስህተት ነው፤ አሁን አቃናዋለሁ። የመምህር እጅ ትንሽ ስለደከመ..." አለችና እሱ ራሱ ባለበት መናገሯ ትዝ ሲላት ደም መሰለች።

"እጄ ምንም አልሆነም" አለ ዶዩል።

"ታዲያ ለምን ይዛነፋል?"

"አልተዛነፈም። የምትስቂው እንደዚያ ነው።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ "እርስዎ" እንጂ "አንቺ" ብሏት አያውቅም። ሳህኔን አስቀመጥኩ።

"ባለፈው ክረምት በረዶ በጣለበት ቀን ሰገነቱ ላይ ከእትዬ ጋር ስትስቂ አየሁሽ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አልቆመም። "በርዶሽ ሁለት እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ናሪን ሌላ ዓይነት ማሳቅ አቃተኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፣ ታውቂያለሽ። መሳል ግን እችላለሁ፤ ስለዚህ ስዬ ሰጠሁሽ። በየሳምንቱ እጠይቅሻለሁ፣ በየሳምንቱ ቀጥ አድርገሽ ትመልሺልኛለሽ።"

"ቀጥ ያደረግኩት..."

"እምቢ ማለትሽ ነው ብዬ ነው። እንዲያውም ፓስ ጨመርሽበት። 'አንተ ሽማግሌ፣ አርፈህ ተቀመጥ' ያልሽኝ መሰለኝ።"

ከወይዘሮ ቻ በኩል ትንሽ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ዞሬ ሳይ ግን ፊታቸው እንደ ወትሮው ነበር።

"እኔ እኮ እጅህን እንዳያምህ ብዬ ነው" አለች ሶልሂ። "በሕይወቴ ለሌላ ሰው ፓስ ገዝቼ አላውቅም። ለአባቴ እንኳ።" ይህን ስትል እንባዋ ወረደ፣ ወዲያው ደግሞ በራሷ ንግግር ሳቋ መጣ፣ ሁለቱ ተደባለቁባት።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የቆዩትን ምዕራፎች ከፈተች። በእያንዳንዱ ላይ የራሷን የጠራ ገጽ ደበቀችው፣ ከሥሩ የዶዩል ንድፍ በፈዛዛ ሰማያዊ ብቅ አለ። ናሪ በዝናብ ውስጥ ስትስቅ። ናሪ ብስክሌቷ ጭቃ ውስጥ ተተክሎባት ስትስቅ። ናሪ አሮጊት በር ላይ ቆማ ስትስቅ። በሁሉም የቀኝ የአፏ ጥግ ከግራው ቀድሞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ በሁሉም ሶልሂ ናት። ሌላው ጭረት ሁሉ የተሞነጫጨረ ነው። ያቺ ጥግ ብቻ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ጥርጥር የተሳበች ናት።

"ይህን ሁሉ እኔ አጠፋሁት" አለች።

"አላጠፋሽውም። ከሥር አለ" አላት ዶዩል። ከጀርባዋ ቆሞ ነበር፤ እጁን ወንበሯ ላይ አሳረፈ፣ ትከሻዋን ለመንካት ገና አልደፈረም።

ሶልሂ ወደ ዛሬው ሥዕል ተመለሰች። አፉን በአንድ መስመር አወጣችና የቀኝ ጥጓን ነጥብ ይዛ ወደ ላይ ጎተተቻት። መስመሩ ተከተላት። ናሪ ከተራራው ላይ ሆና በሶልሂ ሳቅ ሳቀች። ይህች ከመለኪያው ገጽ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ይህን ስታደርግ ሳይ እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ በኋላ እንዳየሁት ጥቁሩ ወጥ በነካው እጄ ነበር የጠረግኩት።

ከዚያ ግን ግንባሯ ተቋጠረ።

"ይህ አይሆንም" አለች።

ዶዩል እጁን ከወንበሩ አነሳ። "ለምን?"

"ከአምና ክረምት ጀምሮ ናሪ የምትስቀው ቀጥ ባለ አፍ ነው። ዛሬ ድንገት ብትለወጥ አንባቢ 'ማናት ይቺ ደግሞ' ይላል።"

"እንግዲያው ተይው" አለ፣ ቀስ ብሎ። ነጭ ሸሚዙ ውስጥ ሲሟሽሽ ታየኝ።

"አልተውም። ያለፉትን በሙሉ ከፍቼ አስተካክላለሁ። መጎተት ያለባት አንዲት ነጥብ ናት።"

"ሁሉንም? ናሪ ስንት ጊዜ እንደሳቀች ታውቂያለሽ? ወራት ይፈጃል።"

"ይፍጅ" አለች።

ዶዩል ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው። እኔ ወዲያው ነው የገባኝ። "ባቡርሽስ?" አልኳት፣ መልሱን በጆሮዬ መስማት ፈልጌ።

"ባቡሩ ይሂድ እትዬ። የቡሳኖቹን ደውዬ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።"

ያኔ ነው ዶዩል የሳቀው። ለካ እሱም ሲስቅ ልጅ ይመስላል። ይህን ያህል ጊዜ አብሬው ስሠራ ሳቁን አይቼው አላውቅም ነበር።

"ዶዩል" አሉ ወይዘሮ ቻ።

ሦስታችንም ረስተናቸው ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ሰዎቹ ሆቴል እየጠበቁን ነው።"

"አልሄድም እማዬ።"

"የኦሙክ ሻጭ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። አባቷ ሲልኩልን በልቼዋለሁ። እንደሱ የሚጣፍጥ አላገኘሁም።" እጁን ዘርግቶ የሶልሂን እጅ ያዘ፣ በእናቱ ፊት፣ በእኔ ፊት። "እስከ ዛሬ ያልሽኝን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ይህን ግን እሺ ማለት አልችልም። እሷ ከሄደች እኔ የምስለው ነገር የለኝም።"

የሶልሂ ጣቶች ሲጨብጡት አየሁ። ሆኖም ከእናት ፊት አልሸሸችም፣ ቀናም አላለች፤ ተነስታ ጎንበስ ብላ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች። አንዲት እናት "አይሆንም" ብትል ያ ሁሉ ደስታ እዚያው ሊሰበር እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእኛ አገር ወላጅ ሳይመርቀው የሚጸና ትዳር ጥቂት ነው።

ወይዘሮ ቻ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። "እስቲ እነዚያን መልሰሽ አሳዪኝ" አሏት።

ሶልሂ በነፃ እጇ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ዝናቡን፣ ብስክሌቱን፣ አሮጊቷን። ሴትየዋ እያንዳንዷን በጥሞና አዩ። ከልጃቸው ሥራ አንዱንም እስከዚያ ቀን አይተውት አያውቁም መሰለኝ። ጨርሰው ሲናገሩ ድምፃቸው የማውቀው አልነበረም።

"ከአባትህ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ቤተሰብ ነው ያገናኘን፣ ሆቴል ውስጥ፣ እንደ ዛሬው። ደግ ሰው ነበር፣ ምንም አልበደለኝም። ነገር ግን ስስቅ የሚሰረጉደው ጉንጬ የትኛው እንደሆነ ብትጠይቀው አያውቅም ነበር። ሳያውቅ ሞተ።"

ዶዩል የእናቱን ሁለት ጉንጭ ተራ በተራ አየ። ከፊቱ እንዳየሁት እሱም አያውቅም።

"የግራው ነው እናቴ" አለች ሶልሂ።

ወይዘሮ ቻ ዞሩ።

"ቅድም ስለ ፓሱ ሲናገር ፈገግ ሲሉ አየሁዎት" አለች። "የግራው ነው። ትንሽ ናት፣ ከአፍዎ ራቅ ብላ ወደ ጆሮዎ የምትጠጋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራዬ ሆኖ ዓይኔ ያያል።"

ወይዘሮ ቻ እጃቸውን አንስተው ግራ ጉንጫቸው ላይ አኖሩት። ለረጅም ጊዜ እዚያው ተዉት። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ወንበር ስበው በሶልሂና በእኔ መካከል ተቀመጡ፣ እኛ የምንበላውን ተመለከቱና "ለእኔ አላዘዛችሁም?" አሉ።

የእኔን ሰጠኋቸው። እኔ የምበላበት ሆድ አልነበረኝም፤ ደስታ ሞልቶት ነበር።